ፌዴራሉ የከለከለውን ማሪላንድ በአደባባይ ይሸጣል፣ ታዲያ የበላዩ ማነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጠያቂዋ ማሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ የአሜሪካ ገቨርንመንት መግቢያ ኮርስ እየወሰደች ነው። ፕሮፌሰሯ "የፌዴራል ህግ የበላይ ከሆነ ማሪላንድ ውስጥ ማሪዋና በሱቅ የሚሸጠው እንዴት ነው?" የሚል ኤሴይ ሰጥቷታል። መጽሐፉ አንድ ቦታ ላይ የፌዴራል ህግ ከስቴት ህግ ይበልጣል ይላል፣ ትንሽ ሳይቆይ ደሞ ለፌዴራሉ ያልተሰጠው ስልጣን የስቴቶችና የህዝቡ ነው ይላል፣ "እና የቱ ነው የሚያሸንፈው፣ ግራ ገባኝ" ነው የምትለው። እግረ መንገዷን ደሞ ግሪን ካርድ ያለው የአክስቷ ልጅ ዲስፔንሰሪ (ማሪዋና በፈቃድ የሚሸጥበት ሱቅ) ውስጥ ካሸር ሆኖ ሊቀጠር ነው፣ ችግር ያመጣበት ይሆን ወይ ብላለች።

እህቴ፣ ግራ መጋባትሽ ትክክል ነው። ይሄን ኮርስ አስተምራለሁ፣ ጥሩ ተማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይቆማል፣ ያልቆመው ያላነበበው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

"ማን ያሸንፋል" የሚለውን ለጊዜው ተይው። ከሱ በፊት ሶስት ጥያቄ አለ። ኮንግረስ ይሄን ህግ የማውጣት ስልጣን አለው ወይ? ካለውስ የስቴቱ ህግ ከሱ ጋር በርግጥ ይጋጫል ወይ? ከዛ ደሞ ህጉን መንገድ ላይ ወርዶ የሚያስፈጽመው ማነው? ተማሪው ሁለቱን ይሰራና ሶስተኛውን ይዘለዋል፣ የማሪላንድ ሱቆች ክፍት የሆኑት ግን በዋናነት በሶስተኛው ምክንያት ነው።

ለምን እንደምንዘለው ይገባኛል። እኛ የለመድነው መመሪያ ከላይ ሲወርድ ነው፣ ከሚኒስቴር ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዛ ወደ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ እና የቀበሌው ሊቀመንበር ተነስቶ "ይሄን እኔ አላስፈጽምም" ቢል በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው የምታገኚው። ወረቀቱ ላይማ የኛም ህገ መንግስት አንቀጽ 52 ላይ የቀረውን ስልጣን ለክልሎች ነው የሚሰጠው፣ እኔ የማወራው ስለልማዱ ነው። ይሄን ልማድ ይዘን ነው የአሜሪካንን መጽሐፍ የምናነበውና "ሱፕሪማሲ" (የበላይነት) የሚለውን ስናይ ዋሽንግተን አዛዥ፣ የማሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ታዛዥ አድርገን የምንወስደው። እንደዛ አይደለም። ገቨርነሩን ፕሬዝዳንቱ አይሾመውም፣ አያነሳውምም። ሸሪፉን ካውንቲው ነው የሚመርጠው። ሁለት መንግስት አለ፣ ሁለቱም ያንኑ አንድ ሰው፣ አንቺን ለምሳሌ፣ በቀጥታ ያዛሉ፣ በህግ ሲጋጩ የፌዴራሉ ህግ ይበልጣል፣ ግን አንዱ መንግስት ሌላውን መንግስት እንደ ሰራተኛው አያዘውም። ይሄን ከያዝሽ ግማሹ ኤሴይ አለቀ።

ወደ ስልጣኑ ልምጣ። አስረኛው አሜንድመንት ላይ አትጣበቂ፣ እሱ የሚያወራው ለፌዴራሉ ስላልተሰጠው ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ የተሰጠው ምን እንደሆነ ማየት ይቀድማል። የአሜሪካ ህገ መንግስት አንቀጽ 1 ክፍል 8 ላይ ኮንግረስ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ተዘርዝሯል፣ እዛ ውስጥ ስለ እጽ የሚያወራ ነገር አታገኚም። ያለው በስቴቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቆጣጠር ስልጣን ነው፣ ኮሜርስ ክሎዝ የሚሉት። 1970 ላይ ወጥቶ ማሪዋናን በጣም ጥብቅ የሆነው ዝርዝር ውስጥ የከተተው ኮንትሮልድ ሰብስታንስስ አክት የቆመው በዚችው አንድ መስመር ነው። ታዲያ አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ የተከላትን ለራሱ ቢጠቀም፣ ካልሸጠ፣ ከስቴቱም ካልወጣች፣ የቱ ጋ ነው ንግዱ?

መልሱ ከአንድ የኦሃዮ ገበሬ ይጀምራል፣ ሮስኮ ፊልበርን ይባላል። የስንዴ ዋጋ እንዳይወድቅ ተብሎ መንግስት ለየገበሬው ኮታ ያወጣል፣ ለሱ የደረሰው 11.1 ኤከር ነው፣ እሱ 23 ዘራ። ከኮታው በላይ ያመረተው 239 ቡሽል (የእህል መለኪያ ነው) ሆነና በቡሽል 49 ሳንቲም ተሰልቶ 117 ዶላር ከ11 ሳንቲም ተቀጣ። ሰውየው እምቢ አለ፣ ትርፉን ለከብቶቼና ለቤቴ ነው የማውለው፣ ምን አገባችሁ ነው ነገሩ። 1942 ላይ ሱፕሪም ኮርት በሙሉ ድምጽ ፈረደበት። የኮርቱ ሃሳብ፣ ያንተ ስንዴ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ግን እንዳንተ ያለው ሁሉ የራሱን እየዘራ ከገበያ መግዛት ሲያቆም ድምሩ የአገሩን ዋጋ ያናጋል፣ ስለዚ ኮንግረስ ድምሩን አይቶ አንተንም መቆጣጠር ይችላል የሚል ነው።

60 ዓመት ያህል ቆይቶ ያው ሃሳብ ማሪዋና ላይ መጣ። ካሊፎርኒያ 1996 ላይ ፕሮፖዚሽን 215 በሚባለው የህዝብ ድምጽ ማሪዋናን ለህክምና ፈቅዳ ነበር። ኦገስት 2002 ላይ የካውንቲው ፖሊሶችና የዲኢኤ (የፌዴራሉ የእጽ ቁጥጥር መስሪያ ቤት) ሰዎች አብረው ዳያን ሞንሰን የምትባል በሽተኛ ቤት ይሄዳሉ። ስድስት ችግኝ አላት። የካውንቲዎቹ አይተው በካሊፎርኒያ ህግ ምንም ጥፋት የለባትም አሉ፣ የዲኢኤዎቹ በፌዴራል ህግ ወንጀል ነው አሉ፣ አንዱ ግቢ ውስጥ ሁለት አይነት ባጅ ያደረጉ ሰዎች ሶስት ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ቆዩና መጨረሻ ላይ የፌዴራሎቹ ስድስቱንም ነቅለው አጠፉት። ይሄን ትዕይንት ኤሴይሽ ውስጥ አስገቢው፣ የአሜሪካ ፌዴራሊዝም ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚታይበት ነው፣ ካውንቲው ሲጀመር ባይመጣስ ኖሮ የሚለውን ደሞ ያዢልኝ እመለስበታለሁ። ኬዙ ጎንዛሌስ ቨርሰስ ሬይች ተብሎ (ሬይች ከሞንሰን ጋር የከሰሰች ሌላ በሽተኛ ናት) ሱፕሪም ኮርት ደረሰ፣ 2005 ላይ 6 ለ 3 የፌዴራሉ ስልጣን ጸና፣ የፊልበርን ስንዴም ተጠቀሰ። የሚገርመው አሰላለፉ ነው። ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ ከፌዴራሉ ጋር ቆመ፣ እንደሱ ወግ አጥባቂ የሆነው ቶማስ ደሞ ተቃወመ፣ ይሄን እንኳን ኮንግረስ መቆጣጠር ከቻለ የማይችለው ነገር ምን ቀረ ነው የሱ ነገር። ዳኛ ኦኮነር ካሊፎርኒያ ብኖር ኖሮ ለዛ ህግ ድምጼን አልሰጥም ነበር ካለች በኋላ ግን ስቴቶች እንዲሞክሩት ሊተዉ ይገባል ብላ ከቶማስ ጋር ተቃወመች። ፓርቲ ቆጥሮ ኬዝ መገመት እንደማያዋጣ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ገደብ የለውም ማለት ግን አይደለም። 1995 ላይ ሎፔዝ በሚባለው ኬዝ ትምህርት ቤት አካባቢ ጠመንጃ ይዞ መገኘትን የከለከለውን የፌዴራል ህግ 5 ለ 4 ጥለውታል፣ ይሄ ከንግድ ጋር ምን አገናኘው ብለው። ለማሪዋና ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎ፣ ስልጣን አለው ነው።

ሁለተኛው፣ ይጋጫል ወይ? እዚህ ጋ የማሪላንድ ተማሪ መሆንሽ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም የሱፕሪማሲ ነገር በዋናነት የተበየነው ማሪላንድ ተሸንፋ ነው። ኮንግረስ 1816 ላይ ሁለተኛውን ብሄራዊ ባንክ አቋቋመ፣ ባልቲሞር ውስጥም ቅርንጫፍ ተከፈተ። ማሪላንድ ይሄ ባንክ አልጣማትም፣ እና 1818 ላይ እሷ ፈቃድ ያልሰጠችው ባንክ ሁሉ ታክስ ይክፈል፣ በጥቅል ከሆነ በዓመት 15,000 ዶላር ብላ ህግ አወጣች። የቅርንጫፉ ካሸር ማኩሎክ አልከፍልም አለ። 1819 ላይ የሱፕሪም ኮርቱ ዋና ዳኛ ማርሻል የጻፈው ውሳኔ በሙሉ ድምጽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ባንክ የሚል ቃል ህገ መንግስቱ ላይ ባይኖርም ኮንግረስ የተሰጡትን ስልጣኖች ለመስራት የሚያስፈልገውን ማቋቋም ይችላል። ሁለተኛ፣ ስቴት የፌዴራሉን ስራ በታክስ ማነቅ አይችልም።

አሁን ያንን ከዛሬው ጋር አስተያዪው። 2022 ኖቬምበር ላይ የማሪላንድ መራጭ ማሪዋና ህጋዊ እንዲሆን ከሶስት ሁለት እጅ በሚሆን ድምጽ አጸደቀ፣ ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው መግዛት ቻለ። ማሪላንድ ያደረገችው ምንድነው? የራሷን ቅጣት አነሳች። የዲኢኤን መኪና አላስቆመችም፣ የፌዴራል አቃቤ ህግን አልከለከለችም፣ ማንንም ሰው ሽጥ ብላ አላስገደደችም። 1819 ላይ ፌዴራሉ ስራ ውስጥ እጇን አስገባች፣ ተመታች። 2023 ላይ እጄ የለበትም አለች። የኤሴይሽ አከርካሪ ይሄ ንጽጽር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ፕሮፌሰርሽም አንድ ሺህ ጊዜ ያነበበውን የኮሎራዶ ምሳሌ ከሚያነብ ይሻለዋል።

እውነቱን ለመናገር ቅጣት ማንሳቱና ላይሰንስ መስጠቱ አንድ አይደሉም። ስቴቱ ፈቃድ እየሰጠ፣ ታክስ እየሰበሰበ "እኔ የለሁበትም" ማለቱ ውሃ ያነሳል ወይ የሚለው ላይ የህግ ምሁራን ይከራከራሉ። ኔብራስካና ኦክላሆማ የኮሎራዶ ማሪዋና ወደኛ እየፈሰሰ ነው ብለው 2014 ላይ በቀጥታ ሱፕሪም ኮርት ከሰዋት ነበር፣ 2016 ላይ ኮርቱ ሳያየው መለሰው፣ ቶማስና አሊቶ ብቻ እንየው አሉ። ደሞ የ1970ው ህግ ራሱ ውስጥ ኮንግረስ ሁለቱ ህጎች አብረው መቆም እስካልተቻላቸው ድረስ የስቴቶችን ህግ የመደምሰስ ሃሳብ የለኝም የሚል አንቀጽ አስገብቷል፣ ይሄን ብዙ የመግቢያ መጽሐፍ አይጠቅሰውም፣ አንቺ ጥቀሺው። ግጭቱ በርግጥ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ማሳየት ከፈለግሽ የአሪዞናን ኬዝ እዪ። አሪዞና 2010 ላይ የራሷን የኢሚግሬሽን ወንጀሎች ፈጠረች፣ 2012 ላይ ለፍርድ ከቀረቡት አራት ክፍሎች ሶስቱ ወደቁ፣ የፌዴራሉ መስክ ውስጥ ገብታ የራሷን ቅጣት ስለደረበች።

ሶስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን፣ እና እዚህ ጋ ነው ረጋ ማለት ያለብሽ።

ሱፕሪም ኮርት ደጋግሞ ያለው ነገር፣ ኮንግረስ ሰውን ማዘዝ ይችላል፣ ስቴትን ግን "የኔን ህግ አስፈጽምልኝ" ብሎ ማዘዝ አይችልም ነው፣ አንቲ ኮማንዲሪንግ ይሉታል። ስሩ ሩቅ ነው፣ አሳፋሪ ታሪክ ውስጥም ነው ያለው። ማርጋሬት ሞርጋን የምትባል ማሪላንድ ውስጥ እንደ ነጻ ሰው የኖረች ጥቁር ሴት ፔንስልቬንያ ሄዳ ትኖር ነበር፣ 1837 ላይ ፕሪግ የሚባል ሰው ከነልጆቿ ይዞ ወደ ማሪላንድ ባርነት መለሳት። ፔንስልቬንያ ሰውየውን በአፈና ፈረደችበት፣ ሱፕሪም ኮርት 1842 ላይ ፍርዱን ሻረው፣ የፌዴራሉ የባሪያ ማስመለሻ ህግ ይበልጣል ብሎ። ግን ዳኛ ስቶሪ አያይዞ የስቴት ባለስልጣናት ያንን የፌዴራል ህግ እንዲያስፈጽሙ ሊገደዱ አይችሉም አለ። የሰሜን ስቴቶች ይቺን ቀዳዳ ወዲያው አዩዋት፣ እስር ቤታችንም ፖሊሳችንም ለባሪያ አዳኝ አይውልም የሚል ህግ በየተራ አወጡ። የደቡቡ ወገን በዚህ ተቆጥቶ 1850 ላይ ፌዴራሉ የራሱን ኮሚሽነሮች የሚመድብበትን የባሰ ህግ አስወጣ። የበላይነቱ ለማሪላንዱ ባሪያ አዳኝ ሰራለት፣ እምቢታው ደሞ ለሸሸው ሰው ሰራለት፣ በአንድ ውሳኔ ውስጥ።

ዘመናዊው ኬዝ ፕሪንትዝ ነው፣ 1997። የ1993ቱ የብሬዲ ህግ ሽጉጥ የሚገዛን ሰው የፌዴራሉ ኮምፒውተር እስኪደርስ ድረስ የየአካባቢው ሸሪፍ ያጣራ ብሎ ነበር። የሞንታናው ሸሪፍ ጄይ ፕሪንትዝና የአሪዞናው ሪቻርድ ማክ እኛ የዋሽንግተን ሰራተኞች አይደለንም ብለው ከሰሱ፣ 5 ለ 4 አሸነፉ፣ ጸሐፊው ስካሊያ ነው። 2018 ላይ መርፊ በሚባለው ኬዝ ሃሳቡ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ኮንግረስ ስቴቶችን የስፖርት ውርርድ እንዳትፈቅዱ ማለት አይችልም፣ መከልከል ከፈለገ ራሱ ሰዎቹን ይከልክል ተባለ። አሁን በየስልኩ የምታዪው ቤቲንግ ሁሉ በዛ በር ነው የገባው። እና ደሞ ልብ በይ፣ ዛሬ ከተሞች ለአይስ (ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) አንተባበርም ሲሉ ጠበቆቻቸው የሚጠቅሱት ይሄንኑ ስካሊያ ለሸሪፎቹ የጻፈውን ነው። ሃሳቡ የማንም ፓርቲ አይደለም። አለመርዳትና ማደናቀፍ ግን ይለያያሉ፣ ፖሊስ "አላግዝም" ማለት ይችላል፣ የፌዴራሉን ሰው በር ላይ መግታት አይችልም።

የሞንሰን ግቢ ላይ ያዢልኝ ያልኩሽ እዚህ ጋ ይመጣል። የዲኢኤ ወኪሎች በመላ አገሪቱ 5,000 አይሞሉም። የስቴትና የአካባቢ ፖሊስ ከ600,000 በላይ ነው። የፌዴራሉ የማሪዋና ክልከላ አስርት ዓመታት የሰራው እነዚህ ስድስት መቶ ሺዎች በራሳቸው ስቴት ህግ ያንኑ ሲከለክሉ ስለነበረ ነው። እነሱ ሲወጡ ህጉ ቦታው ላይ አለ፣ የሚያስፈጽመው ሰው ግን የለም። ፌዴራሉ አንድ ዲስፔንሰሪ መዝጋት ይችላል፣ ስልጣኑም አለው፣ ሁሉንም ለመዝጋት ግን ሰውም ብርም የፖለቲካ ፍላጎትም አላገኘም። ኦገስት 2013 ላይ የፍትህ ሚኒስቴር ስቴቶቹ ራሳቸው በደንብ ከተቆጣጠሩ አናተኩርባቸውም የሚል ሜሞ አወጣ፣ ጃንዋሪ 2018 ላይ ተሻረ፣ ሱቆቹ ግን አልተዘጉም። ለህክምናው ደሞ ኮንግረስ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በበጀት ህጉ ላይ ሚኒስቴሩ በዚህ ገንዘብ የስቴቶችን የህክምና ማሪዋና እንዳይነካ የሚል አንቀጽ አስገብቷል፣ ይሄ ለህክምናው ብቻ ነው።

"ታዲያ ፌዴራሉ ስቴትን ምንም ማስደረግ አይችልም?" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ በገንዘብ ይችላል። መጠጥ 21 ዓመት የሆነው እንደዛ ነው፣ 1984 ላይ ኮንግረስ ዕድሜውን ያላነሳ ስቴት ከመንገድ ገንዘቡ 5 ከመቶ ያጣል አለ፣ ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፣ 1987 ላይ ተሸነፈች። 2012 ላይ ግን የሜዲኬዱ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግስት የጤና ሽፋን) ማስፋፊያ ጊዜ፣ አዲሱን ካልተቀበላችሁ የነበረውንም ሁሉ እንወስዳለን ሲባል ኮርቱ ይሄ ማባበል ሳይሆን ማስገደድ ነው ብሎ አስቆመው።

ዋና ከተማዋን ዲሲን እንደ ስቴት እንዳትቆጥሪያት ደሞ አደራ። እዛ የመጨረሻውን ቃል የያዘው ኮንግረስ ራሱ ነው። የዲሲ ህዝብ 2014 ላይ ማሪዋና መያዝን አጸደቀ፣ ኮንግረስ ግን ሽያጩን ህጋዊ ለማድረግ ገንዘብ እንዳታወጡ አለ፣ ስቲከር ሸጠው ዊዱን "በስጦታ" የሚሰጡት ሱቆች የበቀሉት በዚህ ነው። እዛው ዲሲ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ደሞ መሬቱ የፌዴራል ስለሆነ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ፦ መደምደሚያሽ ላይ "ማሪላንድ አሸነፈች" ብለሽ አትጻፊ። "የፌዴራሉ ክልከላ ማሪላንድ ውስጥም ህግ ነው፣ ነገር ግን ማሪላንድ የማስፈጸም ግዴታ የለባትም፣ ሱቁ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው" የሚለውን በራስሽ አባባል መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጪውና የቀረውን በኬዞቹ አስረጂው። ሁሉንም ኬዝ አታጭቂ፣ ማኩሎክ፣ ሬይች፣ ፕሪንትዝ ይበቁሻል።

የአክስትሽ ልጅ ጉዳይ ከኤሴዩ ይበልጣል። ኢሚግሬሽን ሙሉ በሙሉ የፌዴራል ነው፣ እዛ ቢሮ ውስጥ የማሪላንድ ህግ ምንም አይጠቅመውም። የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ኤፕሪል 2019 ላይ ባወጣው መመሪያ በስቴት ህግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳን ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ነገር፣ በዛ ኢንዱስትሪ ውስጥ ተቀጥሮ መስራትንም ጨምሮ፣ ሲትዝንሺፕ ሲያመለክት የመልካም ስነ ምግባር መመዘኛው ላይ ሊጥለው ይችላል ብሏል። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ሳይፈረድበት፣ ሰራሁ ወይ ተጠቀምኩ ብሎ ማመኑ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከአገር ወጥቶ ሲመለስም ኤርፖርት ላይ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። በኋላ ትራክ ልንዳ ካለም እንዲሁ ነው፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላቸው ሾፌሮች የሚመረመሩት በፌዴራል ህግ ነው፣ ማሪላንድ ውስጥ በህጋዊ መንገድ ነው የገዛሁት የሚለው አይሰራም። በኔ ይሁንብሽ፣ ፓስፖርቱን እስኪይዝ ሌላ ካሸርነት ይፈልግ። ቀድሞ ሰርቶ ከሆነ ደሞ ፎርሙ ላይ እንዳይዋሽ፣ ውሸቱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፣ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ይቀመጥ።